«ቤቶች!» ብላ የምትገባዋ መካሪ

ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚያስገቡት የእግር መንገዶች የተማሪ ናቸው። ዓርብ ከክፍል ወጥተው ወደየቀበሌያቸው የሄዱት ልጆች የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሴቶቹ በነጠላ አጥብቀው ባዘሉት ጥቅል ውስጥ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮና ትንሽ በርበሬ አለ፤ ከላይ ደግሞ ጠርዙ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ የገባ ደብተር። ከተማ ሲደርሱ ሦስት አራት ሆነው በተከራዩት የጭቃ ክፍል መደብ ተጋርተው ያድራሉ። ውኃ በተራ ይቀዳሉ፣ ወጥ በተራ ይሠራሉ፣ በአንድ አምፖል ሥር ያጠናሉ።

ወንዶቹም እንዲሁ ነው የሚኖሩት። ለሴቷ ግን ሌላ ጣጣ ይጨመራል። አከራዩ ምን ዓይነት ሰው ነው? ማታ በሩን የሚደበድበው ማን ነው? ወር አበባዋ በክፍል ሰዓት ቢመጣ የት ትገባለች? ብር ቢጎድላት ከማን ትበደራለች? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቤት የሚጠብቃት ነው። ለስንቅ ስትገባ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው መጥቶ ነበር» ብትላትስ? በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ይህን አነጋገር የማይረዳ የለም። ሽማግሌ ተልኳል ማለት ነው።

ልጃገረዶችን በሕይወት ክህሎትና በራስ መተማመን የማነጽ ሥራ በአማራ ክልል ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀ ልምድ አለው። ስሙ እንደየፕሮጀክቱ ይለያያል፤ ብርሃነ ሔዋን፣ ብሩህ ተስፋ፣ ተስፋ፣ ፍኖተ ሕይወት፣ የልጃገረዶች ክበብ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ። የሁሉም ምሰሶ ግን አንዲት ሴት ናት፤ ሰፈሩ የሚያውቃት፣ ለልጆቹ ታላቅ እህት የምትሆን መካሪ። ከነዚህ ሁሉ ሙከራዎች የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ልጅቷ እንድትናገር ማስተማር ይቻላል፤ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ስትናገር ቤቱ እንዲሰማት ማድረግ ነው። ለዚያ ደግሞ አጥር ላይ ቆማ «ቤቶች!» የምትል ሴት ታስፈልጋለች።

የእሌኒ አገር፣ የገበሬ ልጅ

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጥንታዊው ገዳም ሲሆን ትውፊት ምሥረታውን ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ያያይዘዋል። በቅጥሩ ውስጥ የሚታየው፣ አበባ የተቀረጸበት የድንጋይ ፍራሽ ግን የሚነሣው ከአንዲት ሴት ስም ጋር ነው። ንግሥት እሌኒ ከሐድያ ባላባት ቤት የተገኘች፣ የበርካታ ነገሥታትን ዘመን ያየች ሴት ነበረች። ዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሳሉ መንግሥቱን ከያዙት ዋነኛዋ እርሷ ስትሆን፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እርሷው ናት። ወደ ሞጣ ያለፈ ሰው ደግሞ የሞጣ ጊዮርጊስ ታሪክ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ጋር ሲነገር ይሰማል።

አገሩ ሴት ስትመክር፣ ስትገዛና ስታሠራ አይቶ ያውቃል። ያ ወግ ግን ከቤተ መንግሥት አጥር ተሻግሮ ገበሬው ጎጆ አልደረሰም። ጎጆው ውስጥ ሲነገር የኖረው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ነው። ጨዋ ልጅ የምትባለው ዓይኗን የሰበረች፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትገባ፣ ስትጠየቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትመልስ ናት።

የገጠሩን አባት በዚህ ሁሉ ጨካኝ አድርጎ መሣል አይገባም። የራሱ ስሌት አለው። ጋብቻ ሁለት ቤተሰብ የሚዛመድበት፣ ሁለቱም ወገን ከብት ጥሎ አዲስ ጎጆ የሚያቆምበት ውል ነው። በየሰዉ ሠርግ ሲያዋጣ የኖረው እህል፣ ጠላና ብር የሚመለስለት ልጁን ሲድር ነው፤ ሳይድር ቢያረጅ ብድሩ ሜዳ ላይ ቀረ። ፍርሃትም አለበት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትመላለስ መንገድ ላይ ብትጠለፍስ፣ ከተማ ኪራይ ቤት እያለች ብታረግዝስ፣ ዕድሜዋ ገፍቶ ጠያቂ ብታጣስ? «የእገሌ ልጅ ቆማ ቀረች» መባል ከቤቱ የማይወጣ እድፍ ሆኖ ይታየዋል። እናትም በአብዛኛው በዚያው መንገድ ያለፈች ናት፤ እርሷ የተዳረችበት ዕድሜ ልኩ ይመስላታል።

ሕጉ ከስሌቱ ቀድሞ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አሳደገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ያንኑ ደነገገ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በላይ ሆና 18 ያልሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ያለችውን ያገባ ደግሞ እስከ 7 ዓመት እሥራት ይጠብቀዋል ይላል። ሆኖም የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደች ልጅ ዕድሜዋን የሚመሰክርላት ወረቀት ብዙ ጊዜ የለም፤ አባቷ «18 ሞልቷታል» ካለ ሞልቷታል። ቁጥጥሩ ሲጠብቅም ድግሱ ስሙን ይቀይራል። ለማኅበር ወይም ለክርስትና ተብሎ ተጠንስሶ ሲያበቃ ሙሽራ ይወጣበታል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤቱን በቁጥር አሳይቷል። ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገሪቱ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በአማራ ክልል ይህ ቁጥር ከ16 በታች ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ 24 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ከዚሁ ክልል፣ ከወሎ አማራ ሳይንት፣ የተገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ከልጅነት ጋብቻ ያተረፋትና ለትምህርት በር የከፈተላት ዓይነ ስውርነቷ መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች። ለትዳር አትሆንም ተባለችና ትምህርት ቤት ገባች፤ የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ብዙዎቹ እኩዮቿ ሙሉ ጤና ስለነበራቸው ተዳሩ። የስሌቱን ጠማማነት ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያሳይ ማግኘት ይከብዳል።

ሞሰቦ ላይ የተገኘው

ስሌቱን በሌላ ስሌት መመለስ ይቻል እንደሆነ የተሞከረው በምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ከክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር ሆኖ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የተባለውን ፕሮግራም እዚያ አካሄደ። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች፣ ያገቡም ያላገቡም፣ በቡድን ተደራጁ። ትምህርት ላይ ላሉት ደብተርና እስክርቢቶ ቀረበ፣ ከትምህርት ውጭ ለነበሩት መደበኛ ያልሆነ ትምህርት ተሰጠ። ወላጆችና ሽማግሌዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ ተወያዩ። ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ለቆየችና ትምህርቷን ለተከታተለች ልጅ ደግሞ በመጨረሻው በሕዝብ ፊት አንዲት ፍየል ትሰጥ ነበር፤ ለእርሷና ለቤተሰቧ በጋራ።

ፍየሏ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ነገር ግን አባት ለጠያቂ የሚመልሰው ነገር ሰጠችው። «ልጄን አልድርም» ብሎ ሽማግሌ መመለስ ያጣላል፤ «ቃል ገብቻለሁ፣ ሁለት ዓመት ልጠብቅ» ማለት ግን አያጣላም። የአባትየው ክብር ሳይነካ ልጅቷ ጊዜ አገኘች።

ውጤቱ ከሌላ ተመሳሳይ ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የማግባት ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከማነጻጸሪያው ቀበሌ እኩዮቻቸው ይልቅ ያገቡት እነርሱ ነበሩ። ጋብቻው ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ልጅቷ 15 ስትሞላ ቤተሰቡ «በቃ፣ አሁንስ ደርሳለች» ማለቱን ቀጠለ።

ተመራማሪዎቹ ይህን አይተው በኋላ ላይ ክፍሎቹን ነጣጥለው ሞከሩ። አንዱ ቦታ የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ፣ ሌላው ውይይት ብቻ፣ ሌላው በየዓመቱ ሁለት ዶሮ ብቻ፣ የመጨረሻው ሁሉንም በአንድ ላይ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት ደብተርና እስክርቢቶው ብቻውን ጋብቻን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ላሉት ዶሮው በግማሽ ቀነሰ፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲሆን በሁለት ሦስተኛ። ልጅቷ ስታድግ ቤቱን የሚያሳምነው ነገር ይበዛል ማለት ነው። ለትንሿ ደብተር ይበቃል፤ ለኮረዳዋ ደብተሩም፣ ዶሮውም፣ የሽማግሌው ቃልም፣ አጠገቧ የምትቆም ሴትም ያስፈልጋል።

ክበቡ ውስጥ

የመካሪዋ ሥራ የሚጀምረው ከክፍል ውጭ ነው። ልጆች ለመመዝገብ ቤት ለቤት ትዞራለች። ውሻው እስኪያዝላት አጥር ላይ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች። ስትገባ ወሬው በልጅቷ አይጀመርም፤ ዝናቡ፣ ጤፉ፣ የታመመው በሬ፣ ያለፈው ተዝካር ይነሣል። ቡና ከተፈላ ቡናው ይጠጣል። «እንደው አያ፣ ያቺን ልጅ ለሁለት ሰዓት ቢለቁልኝ» የሚለው የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። «የት ልትወስጃት?» ይላል አባት። «ከኔ ጋር ናት። ከብት ሳይገባ እመልሳታለሁ።»

ይህ ቃል ክብደት የሚኖረው ተናጋሪዋ ስለምትታወቅ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትኛው ዕድር ውስጥ እንዳለች፣ ንስሐ አባቷ ማን እንደሆኑ አባትየው ያውቃል። ልጁን ለፕሮጀክት አልሰጠም፤ ለእገሊት አደራ ሰጠ። ከከተማ በመኪና መጥታ በመኪና የምትመለስ አሠልጣኝ የቱንም ያህል ብትማር ይህን አደራ አትቀበልም።

ክበቡ ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ተነሥቶ ስምን መናገር። ልጅቷ ትቆማለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ስሟን ለመሬቱ ትነግረዋለች። መካሪዋ አትቆጣም፤ «እስቲ ያች ከኋላ ያለችው አልሰማችሽም፣ ለሷ ንገሪያት» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ነጠላው ትከሻ ላይ ይቀራል። ከዚያ የምትችለውን ነገር እንድትናገር ትጠየቃለች፤ እንጀራ መጋገር፣ ሒሳብ፣ መዝፈን፣ ስፌት። ስለ ራስ ጥሩ ነገር መናገር ጉራ ነው ተብላ ላደገች ልጅ ይህ ከሒሳብ ፈተና ይከብዳል።

ከዚያ ጭውውቱ ይመጣል። አንዷ አባት ትሆናለች፣ ሁለቱ ጋቢ ደርበው ሽማግሌ ይሆናሉ፣ አንዷ ልጅቷን ትሆናለች። ሽማግሌ የሆኑት ድምፃቸውን አጎርንነው «የልጅ ልመና ይዘን ነው የመጣን» ሲሉ ክፍሉ በሣቅ ይፈርሳል። ሣቁ ሲበርድ ሥራው ይጀመራል። ልምድ ያላት መካሪ ልጆቹን «አላገባም» ብሎ መጋፈጥን አታስተምርም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ዱላውን የምትቀበለው ልጅቷ እንጂ መካሪዋ አለመሆኗን ታውቃለች። የምታስተምረው ጊዜ መግዛትን ነው፤ «አባዬ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዬን ልጨርስና ያን ጊዜ እንዳሉኝ» ማለትን። ለእናት ለብቻዋ መንገርን። ለአጎት፣ ለየኔታ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀድሞ ማሰማትን።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። መንግሥት ፕሮግራሙን ከጀመረበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየቀበሌው ደመወዝ የምታገኝ፣ ቦርሳ ይዛ ቤት ለቤት የምትዞር፣ ወንዶች ቆመው የሚያዳምጧት ወጣት ሴት ታየች። ለብዙ የገጠር ልጅ «ተምሬ እንደ እርሷ» የምትላት የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ስለ ሰውነትም ይወራል። ወር አበባ በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ነው፤ ሞዴስ በገጠር ሱቅ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። መቀሌ ላይ ማርያም ሰባ የተባለውን ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ማምረቻ ያቋቋመችው ፍረወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ስትባል ጉዳዩ ትንሽ ከሹክሹክታ ወጣ። ክበቡ ውስጥ ግን ዋናው ነገር ሴት ልጅ ቀሚሷ ቢበላሽ የማትሥቅባት ጓደኛ ማግኘቷ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መልመጃ አንድ ጥያቄ ነው እላለሁ፦ «ዛሬ ሌሊት ቢቸግርሽ የማን ቤት ትሮጫለሽ?» ልጆቹ ሦስት ሰው እንዲቆጥሩ ይጠየቃሉ። ብዙዎቹ አንድ ላይ ይቆማሉ፤ አንድም የማትጠራ አትጠፋም። ሰው የሌላት ልጅ ደፋር ብትሆን ድፍረቷ ለማን ነው? ክበቡ ሲያበቃ ሦስቱ ስም ከሞላ፣ አንዷም መካሪዋ ከሆነች፣ ሥራው ተሠርቷል።

ራዲዮ፣ ካምፕና የውጭ ገንዘብ

በምሥራቅ ጎጃም ራሱ በስፋት የሠራው ፍኖተ ሕይወት ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዞኖች ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት የልጃገረዶች ክበብንና የማኅበረሰብ ውይይትን ይዞ ገባ። በዚያው ሰሞን፣ በ2005 ዓ.ም.፣ «የኛ» የተባለው የራዲዮ ድራማ በሸገር ኤፍኤምና በአማራ ራዲዮ መሰማት ጀመረ። አምስት ልጃገረዶች በዘፈንና በጨዋታ የሚያወሩት የጓደኝነት ታሪክ በየክበቡ የመወያያ መነሻ ሆነ። ራዲዮ ያለበት ቤት ደግሞ አባትም ይሰማል፤ መካሪዋ ልትናገረው የምትፈራውን ራዲዮው ይናገርላታል።

ሰላም ጓድም አሻራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች በአብዮቱ ዘመን ወጥተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ተመልሰው በአማራ ክልል ትንንሽ ከተሞች ሳይቀር እንግሊዝኛ አስተማሩ። በየክረምቱና በዕረፍት ጊዜ ከሚያዘጋጇቸው ነገሮች አንዱ ግሎው የሚባለው የልጃገረዶች ካምፕ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በሩማኒያ የተጀመረ፣ ከዚያ በብዙ አገር የተባዛ። ከቤቷ ርቃ አድራ የማታውቅ ልጅ ከሌላ ወረዳ ልጆች ጋር ሳምንት ሰንብታ ስትመለስ ዓለሟ ይሰፋል።

ይሁንና ካምፕ ያልቃል፣ ራዲዮ ይዘጋል፣ ገንዘብም ይቆማል። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጋዜጦች የኛን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ካብጠለጠሉት በኋላ የአገሪቱ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞቹን ከዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ አስወጣ። የጎጃም ልጃገረድ ነገር ለንደንና ዋሽንግተን ላይ ሊወሰን የሚችል መሆኑ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ያገቡትና የተሰደዱት

«ትምህርቷን ጨርሳ» የሚለው ምክር ያገባችውን አይመለከታትም። ከሞጣ በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን የተሻገረ ሰው ደቡብ ጎንደር ይገባል። እዚያ ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ተስፋ በሚል ስም ከ14 እስከ 19 ዓመት ያሉ፣ ያገቡ ወይም አግብተው የፈቱ 5,000 ያህል ልጃገረዶችን በቡድን አደራጀ። ሥራው ቁጠባና ብድር፣ የሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ከባል ጋር የመነጋገር ክህሎት ነበር። ለአማች ቤት የምትሠራ የ16 ዓመት ሚስት በሳምንት አንድ ቀን እኩዮቿን የምታገኝበት ሕጋዊ ሰበብ አገኘች፤ ቁጠባ ስለሆነ ባልም አማትም አይከለክሉም። ፕሮጀክቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ያዩ ገምጋሚዎች አብዛኞቹ ቡድኖች ያለ ማንም ድጋፍ ሲሰበሰቡ አገኟቸው። ፕሮጀክቱ ያልደረሳቸው ልጃገረዶችም አይተው የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ነበር።

ሽማግሌው ሲመጣ ሌሊት አውቶቡስ የተሳፈሩትም አሉ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር በሰው ቤት ሠራተኛነት ከሚኖሩት ልጃገረዶች ከፊሎቹ ከገጠር የወጡት ከጋብቻ ሸሽተው ነው። ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም እነርሱን ፍለጋ በ1990ዎቹ መጨረሻ መርካቶ ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ። እዚህም ዘዴው ያው ነው፤ መካሪዋ በር ለበር እየዞረች አሠሪዋን ታነጋግራለች፣ ልጅቷን ለጥቂት ሰዓት ታስፈቅዳለች። ባሕር ዳር ላይ የተደረገ ግምገማ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሲቸግራቸው የሚደርስላቸው ሰው አለን የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ልምድ አለ። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ዩጋንዳ ላይ ከልጆቹ በዕድሜ በትንሽ በሚበልጡ ወጣት ሴቶች የሚመሩ ክበቦችን ከፍቶ ሙያና የሕይወት ክህሎት በአንድነት አስተማረ። ከአራት ዓመት በኋላ የታዳጊዎች እርግዝና በሢሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ያው ክበብ በአነስተኛ በጀት ወደ ታንዛኒያ ሲወሰድ ግን የታየ ለውጥ አልነበረም። ስሙን ቀድቶ አቅሙን መተው ውጤት እንደማያመጣ ለሚጠራጠር ሁለቱ አገሮች ይበቁታል።

በጦርነት መካከል

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋብቻ ይከፈታል። በኮሮና ጊዜ ክፍሎች በተዘጉባቸው ወራት በክልሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የልጅ ጋብቻዎች ታስበው እንዲቀሩ መደረጉን ኃላፊዎች ተናግረው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጦርነት የባሰ ነው። በአማራ ክልል በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ክበብ የሚሰበሰብበት ክፍል ተዘግቶ፣ የመምህርቷ ደመወዝ ተቋርጦ፣ መንገዱ አስፈርቶ አባት «ቤት ካለች ባል ቤት ትሁን» ቢል የሚመልስለት ሰው ያንሳል።

ትምህርቱ ራሱም ተስፋው ተሸርሽሯል። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ተምራ የት ትደርሳለች?» ለሚል አባት ይህ ቁጥር ጥሩ መከራከሪያ ነው። ስለዚህ መካሪዋ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ይዛ ብትሄድ ትሸነፋለች። ልብስ ስፌት፣ ዶሮ እርባታ፣ የጸጉር ሥራ፣ የወተት ንግድ፣ ያልፈረሰ የቁጠባ ቡድን፤ ያልተማረችውም ያላለፈችውም ልጅ ሳትዳር የምትቆይበት ምክንያት በእጇ መኖር አለበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን በተካሄደው የልጃገረዶች ጉባኤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በ2025 ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2024 የሚሠራ በጀት የተተመነለት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታም አዘጋጀች። ቀኑ ደርሷል፤ ቃሉ አልተፈጸመም። ነገር ግን ፍኖተ ካርታ ከሌለበት ዘመን የተሻለ አንድ ነገር አለ። ሞሰቦ ላይ በ1996 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሆና የተመዘገበችው ዛሬ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። በምሥራቅ ጎጃም ክበቦች ያለፈችው ደግሞ ሃያዎቹን እያጋመሰች ወይም እየጨረሰች ነው። አንዳንዷ መምህርት፣ አንዳንዷ ነርስ፣ አንዳንዷ ገበያ ላይ የምትነግድ፣ ብዙዋ እናት ናት። እንደ እርሷ ያለችውን ልጅ ፍርሃት ከማንም አሠልጣኝ በላይ ታውቃለች፤ በሰፈሯ አባቶች ዘንድ ስሟ አለ።

ይህች ሴት አዲስ ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም፤ ወረዳውም ስለ እርሷ መጠበቅ የለበትም። የሴቶች ጉዳይና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ማን እንዳለች መዝግበው፣ ለሳምንት ሁለት ሰዓት የሚከፈል ትንሽ አበል በመደበኛው በጀት ቢያስገቡ፣ ለክበቡ አንድ ክፍልና አንድ ቀን በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ቢያስጽፉ፣ ከውጭ ገንዘብ ጋር የሚመጣውና የሚሄደው ሥራ የአገር ሥራ ይሆናል። ትምህርት ቤት ቢዘጋ እንኳ ዕድሩ፣ ሰንበቴውና የቁጠባ ቡድኑ አልተዘጉም፤ መካሪዋ የምትሰበስብበት ቤት አታጣም። ልጅቷን የሚያድናት ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይሆን «ሰው መጥቶ ነበር» የተባለ ዕለት አጥሩን ተሻግራ መጥታ ከአባቷ ጋር ቡና የምትጠጣ ሴት ናት፤ ያቺን ሴት የመቅጠሩ ወጪ ደግሞ አንድ የወረዳ ስብሰባ ለምሳና ለውሎ አበል ከሚያወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።